ከኤፒክ በነፃ ያገኘሁት ሲቲስ ስካይላይንስ ላይ ሞድ መጫን ይቻላል? ወይስ ስቲም ላይ እንደገና ልግዛው?

ቀያሹ (ቱሉ ዲምቱ) | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:40

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት የክፍያ ጣቢያ ብዙም አልርቅም። ቀን ቀን መንገድ እቀይሳለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ሲቲስ ስካይላይንስ የተባለውን የከተማ ግንባታ ጨዋታ እጫወታለሁ። ጨዋታውን የወሰድኩት ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ኤፒክ መደብር በነፃ ባደለው ጊዜ ነው። ላለፉት አራት ወራት የራሴን ሰፈር እየሠራሁ ነው፤ የፍጥነት መንገዱን፣ ወደ ኮዬ ፈጬ የሚወስደውን መንገድ፣ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎቹን፣ ገበያውን ሳይቀር።

ችግሬ ትራፊኩ ነው። ባለ ሦስት ረድፍ መንገድ እሠራለሁ፤ መኪኖቹ ግን በሙሉ አንዱን ረድፍ ይዘው ይሰለፋሉ፣ ሁለቱ ረድፎች ባዷቸውን ይቀራሉ። የትኛው ረድፍ ወደ ግራ እንዲታጠፍ፣ የትኛው ቀጥታ እንዲሄድ መወሰን እፈልጋለሁ። ይህንን የሚያስችል ትራፊክ ማናጀር የሚባል ሞድ እንዳለ አነበብኩ። ገጹን ከፍቼ ለመውሰድ ስሞክር ግን የሚገኘው ስቲም በሚባለው ሌላ የጨዋታ መደብር፣ ወርክሾፕ በሚለው ክፍል ነው፤ ስቲም ደግሞ ጨዋታውን ከእኔ ካልገዛህ አይሆንም አለኝ። የእኔ ከኤፒክ የመጣ ነው።

እህቴ ዱባይ ትሠራለች፤ "ስንት ነው? ልግዛልህ" ብላኛለች። ዋጋው 29.99 ዶላር ነው። በእጄ ያለን ጨዋታ ለሁለተኛ ጊዜ በእህቴ ላብ መግዛት ከበደኝ። ሌላ መንገድ ካለ ንገሩኝ። ላፕቶፔ 8 ጊጋባይት ራም አለው፤ ኢንተርኔት የማገኘው ከስልኬ ነው፤ ስለዚህ ትልልቅ ነገር ማውረድ አልችልም።

ገላን አራተኛ ፎቅ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:15

ወንድሜ፣ ሌላ መንገድ የለም። ወርክሾፕ የስቲም ንብረት ነው፤ ኤፒክ ላይ ሞድ የሚባል ነገር የለም። እኔም ብዙ ደክሜ በመጨረሻ ስቲም ላይ በቅናሽ ጊዜ ገዛሁት። ከዚያ በኋላ ሰብስክራይብ የሚለውን መጫን ብቻ ነው፤ የቀረውን ራሱ ይሠራል። ቅናሹን ጠብቅ፤ ዋጋው ከግማሽ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ።

ጥገና ቤት ፉሪ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:05

ገላን አራተኛ ፎቅ፣ የቅናሹ ምክር ጥሩ ነው፤ "የለም" የሚለው ግን ልክ አይደለም። ኤፒክ ላይ የሌለው የማከፋፈያው በር ነው እንጂ ሞዱን የሚያነብበው ጨዋታ ያው ነው። ይህ ነገር ብዙ ሰው ገንዘብ ሁለት ጊዜ እንዲያወጣ ስለሚያደርግ በደንብ ላብራራው።

ሞድ ማለት ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው ለጨዋታው የሚጨምሩት ፋይል ነው። ወርክሾፕ ደግሞ የስቲም ባለቤት የሆነው ቫልቭ እ.ኤ.አ. በ2011 የከፈተው የፋይሎቹ መጋዘንና ማድረሻ ነው። ሰብስክራይብ ስትል ስቲም ፋይሉን አውርዶ ኮምፒውተርህ ውስጥ አንድ ፎልደር ላይ ያስቀምጥልሃል፤ ሥራው ይኸው ነው። ሲቲስ ስካይላይንስ ግን ከስቲም ፎልደር ሌላ የሚያነብበው የራሱ ፎልደር አለው፤ ኤፒክ ላይም ስቲም ላይም ቦታው አንድ ነው። ፋይሉን በእጅህ እዚያ ብታስቀምጠው ጨዋታው ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም።

ቦታው እንዲህ ይገኛል። ሲ ድራይቭ ውስጥ በአንተ የተጠቃሚ ስም ያለውን ፎልደር ክፈት። አፕዳታ የሚባለው የተደበቀ ስለሆነ ከላይ ካለው ቪው ከሚለው ዝርዝር ውስጥ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ምረጥ። ከዚያ አፕዳታ፣ ሎካል፣ ኮሎሳል ኦርደር (የጨዋታው ሠሪዎች፣ ፊንላንዳውያን ናቸው)፣ ሲቲስ ስካይላይንስ፣ አዶንስ። አዶንስ ውስጥ ሁለት ፎልደሮች ያስፈልጉሃል። ሞድስ የሚባለው የጨዋታውን ባሕርይ ለሚቀይሩ ነው፤ የእነዚህ ፋይሎች መጨረሻቸው ዲኤልኤል ነው። አሴትስ የሚባለው ለሕንፃ፣ ለዛፍና ለመኪና ነው፤ እነዚህ ሲአርፒ ይላሉ። ፎልደሮቹ ከሌሉ ራስህ ፍጠራቸው።

ሞዱን ከየት ታመጣለህ? ትራፊክ ማናጀርን የሚሠሩት ሰዎች ኮዱን ለሁሉም ክፍት አድርገው ጊትሃብ (ፕሮግራም ሠሪዎች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ) ላይ አስቀምጠውታል፤ የተዘጋጀው ፋይልም ሪሊዝስ በሚለው ክፍል ውስጥ በዚፕ ይገኛል። ስቲም አያስፈልግም፤ ገንዘብም አያስፈልግም። መጠኑ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ የስልክህን ዳታ አይበላም።

አንድ ነገር አደራ። ፍለጋ ስትገባ የወርክሾፕን ሞዶች ሰብስበው በራሳቸው ገጽ የሚያድሉ ቦታዎች ይመጡልሃል። ብዙ ሰው ከእነሱ ይወስዳል፤ እኔ ግን አልመክርም። ሞድ ተራ ሥዕል አይደለም፤ ኮምፒውተርህ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2023 ፍራክቸራይዘር የተባለ ቫይረስ ከርስፎርጅ በሚባለው የታወቀ ገጽ ላይ በነበሩ የማይንክራፍት ሞዶች ውስጥ ተገኝቷል። በዚያው ዓመት በገና ዕለት ደግሞ ስሌይ ዘ ስፓየር ለተባለ ጨዋታ የተሠራ ዳውንፎል የሚባል ሞድ፣ ስቲም ላይ ሳለ የሠሪዎቹ አካውንት ተሰብሮ የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ፕሮግራም ተጭኖበት ነበር። በታወቁት ቦታዎች ይህ ከደረሰ፣ ማን እንደሚያስተዳድረው ከማይታወቅ ገጽ የወሰድከውንማ ማን ይጠብቅልሃል? እዚህ ሱቄ የሚመጡት ላፕቶፖች ውስጥ የባንክ መተግበሪያ፣ የቤተሰብ ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ አለ። ሠሪው ራሱ ካስቀመጠበት ብቻ ውሰድ።

የለገጣፎዋ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:50

የፉሪው ወንድማችን የጻፉትን ሁሉ እኔም በኤፒኩ እትም ሞክሬዋለሁ፤ ይሠራል። የጎደለችው አንዲት ነገር አለች፤ እኔን ሁለት ሌሊት ያባከነችኝ እሷ ናት። ትራፊክ ማናጀር ብቻውን አይነሳም። ሃርመኒ የሚባል ሌላ ሞድ ይፈልጋል፤ ሌሎች ሞዶች የጨዋታውን ኮድ እንዲነኩ መንገድ የሚከፍተው እሱ ነው። ስቲም ላይ ይህንን እንዲያወርዱ ይጠየቃሉ፤ በእጅህ ስትጭን ግን የሚያስታውስህ የለም። እሱም ጊትሃብ ላይ አለ። አስቀድመህ ሃርመኒን ጫን።

ፋይሉን ካስቀመጥህ በኋላ ጨዋታውን ክፈት፤ ከዋናው ገጽ ኮንቴንት ማናጀር፣ ከዚያ ሞድስ የሚለውን ግባና ከስሙ አጠገብ ያለውን ማብሪያ አብራ። ማስቀመጥ ብቻውን አይበቃም። ሞድ ስታበራ ጨዋታው ሽልማቶችን መመዝገብ ያቆማል፤ ከተማህን ግን አይነካም።

ከሁሉም በፊት የከተማህን ፋይል ቅዳ! ከአዶንስ ጎን ሴቭስ የሚባል ፎልደር አለ፤ እሱን ወደ ፍላሽ ገልብጠው። የአራት ወር ሥራ ነው።

ከሰበታ | እሑድ፣ ከጠዋቱ 1:30

ገና ጨዋታ ሳይገዙ ይህንን ለሚያነቡ አንድ ነገር ልጨምር፤ መደብሩን ከመምረጣችሁ በፊት የምትፈልጉት ሞድ በየትኛው እንደሚሠራ እዩ። እኔ ስካይሪም የሚባለውን ጨዋታ የገዛሁት ርካሽ ሆኖ ባገኘሁበት ቦታ ነበር። በኋላ ግን አብዛኞቹ ትልልቅ ሞዶች ኤስኬኤስኢ የሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም እንደሚፈልጉ ገባኝ። ይህ ፕሮግራም ከስቲሙና ጂኦጂ ከሚባለው ሌላ የጨዋታ መደብር እትም ጋር ይሠራል፤ ከማይክሮሶፍቱ መደብር እትም ጋር ግን አይሠራም፣ ምክንያቱም እዚያ የጨዋታው ዋና ፋይል ስለተቆለፈ ነው። እዚህ ላይ ፎልደር መፈለግ አያድንም፤ በሩ ከውስጥ ነው የተዘጋው። የቀያሹ ዕድል ጨዋታው ክፍት ፎልደር ያለው መሆኑ ነው።

በተቃራኒው ስታርዲው ቫሊ የሚባል ጨዋታ አለ። ሞዶቹ የሚሠሩት ስማፒ በሚባል መጫኛ ነው፤ ስቲም ይሁን ጂኦጂ ይሁን የኤክስቦክስ መተግበሪያ ልዩነት የለውም። ሞዶቹን ኔክሰስ ሞድስ ከሚባለው የሞድ ገጽ በነፃ አካውንት ታወርዳላችሁ፤ አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው፤ ጨዋታው በደካማ ላፕቶፕም ይሄዳል። ለእኛ ሰፈር ኢንተርኔት ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

ጂኦጂን የምወድበት ሌላም ምክንያት አለኝ። የገዛኸውን ጨዋታ መጫኛ ፋይሉን አውርደህ ሃርድ ዲስክ ላይ ታስቀምጠዋለህ፤ ከዚያ በኋላ ለመጫንም ለመጫወትም ኢንተርኔት አይጠይቅህም። እኛ ጋ ኔትወርክ ሦስት ቀን ሲጠፋ የዚህ ዋጋ ይታወቃል።

እናት (ቡራዩ) | እሑድ፣ ከቀኑ 6:10

በጥያቄያችሁ መካከል ስለገባሁ ይቅርታ። ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ ማይንክራፍት ይጫወታል። ጓደኛው ፍላሽ ላይ ሞድ ሰጥቶት እቤት ሲያመጣው አልከፍትም አለው፤ ሲያለቅስ ዋለ። ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ነው? ቫይረስ ሲባል ደግሞ ደነገጥኩ።

ጥገና ቤት ፉሪ | እሑድ፣ ከቀኑ 7:00

እመቤቴ፣ ኮምፒውተሩ አልተበላሸም፤ ይረጋጉ። ማይንክራፍት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ጃቫ ሌላው ቤድሮክ ይባላል። መልካቸው ይመሳሰላል እንጂ የአንዱ ሞድ ለሌላው አይሆንም። የጓደኛው ጃቫ፣ የልጅዎ ቤድሮክ ሳይሆን አይቀርም። ጨዋታውን ሲከፍቱ የትኛው እንደሆነ ይጽፋል። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ በኮምፒውተር ሁለቱ አብረው ስለሚሸጡ በአካውንቱ ሁለቱም ሊኖሩት ይችላሉ፤ ገና ሌላ አይግዙ። ጃቫው ፎርጅ ወይም ፋብሪክ የሚባል መጫኛ አስቀድሞ ይፈልጋል፤ የሞዱና የጨዋታው የእትም ቁጥርም መግጠም አለበት። የፍላሹን ፋይል ግን ከመክፈት በፊት በአንቲቫይረስ ይመርምሩት፤ ፍላሹ ከእጅ እጅ የዞረ ስለሆነ ነው።

ቀያሹ (ቱሉ ዲምቱ) | እሑድ፣ ከምሽቱ 3:30

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሃርመኒንና ትራፊክ ማናጀርን አወረድኩ፤ ከተማዬንም ፍላሽ ላይ ቀዳሁ። ሞድስ ፎልደር ውስጥ አስገባኋቸው። ሃርመኒ በዝርዝሩ ላይ ታየኝ፤ ትራፊክ ማናጀር ግን የለም። ጨዋታውን አራት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁ። ከዚያም መብራት ጠፋ፤ አሁን የምጽፈው ከስልኬ ነው። ምን አጠፋሁ?

የለገጣፎዋ | እሑድ፣ ከምሽቱ 3:45

ዚፑን ስትፈታ ፎልደር ውስጥ ሌላ ፎልደር ተፈጥሮብህ እንዳይሆን። ጨዋታው ሞድስ ውስጥ የሚያየው አንድ ደረጃ ብቻ ነው። ሞድስ፣ ከዚያ የትራፊክ ማናጀር ፎልደር፣ ከዚያ ወዲያው ዲኤልኤሉ መሆን አለበት። በመካከላቸው ሌላ ፎልደር ካለ አያገኘውም። የውስጠኛውን አውጥተህ ከላይ አስቀምጠው፤ ባዶውን አጥፋው።

ይህ ካልሆነ ደግሞ ያወረድከው ሶርስ ኮድ የሚለውን ሊሆን ይችላል። ሪሊዝስ ውስጥ ከሥር ሁልጊዜ ሁለት እንደዚህ የሚሉ ፋይሎች አሉ፤ እነሱ ለሠሪዎች ናቸው፤ ዲኤልኤል የላቸውም።

ገላን አራተኛ ፎቅ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 12:50

ተሳስቼ ነበር፤ ስላረማችሁኝ አመሰግናለሁ። ማካካሻ ላድርግ፦ እኔ ስቲም ላይ ስላለኝ ወርክሾፕ ያወረድኳቸው በሙሉ በስቲም ፎልደር ውስጥ፣ ወርክሾፕ፣ ኮንቴንት፣ ከዚያም 255710 በሚል ቁጥር ባለው ፎልደር ውስጥ ተቀምጠዋል። ቁጥሩ የጨዋታው መለያ ነው። ቀያሹ ሰፈሩ ቅርቤ ነው፤ ከፈለገ በፍላሽ ገልብጬ ልስጠው? ወደ 600 የሚሆኑ ሕንፃዎች አሉኝ።

ጥገና ቤት ፉሪ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:20

ልብህ ደግ ነው፤ ሁለት ነገር ግን አስብ። የመጀመሪያው የሠሪው ፈቃድ ነው። አንዳንዱ በገጹ ላይ "እንደ ፈለጋችሁ አካፍሉ" ብሎ ይጽፋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከወርክሾፕ ውጭ እንዳይወጣ ይጠይቃል። ሰውየው ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያለ ክፍያ የሠራው ነው፤ ቃሉን ማክበር ያንሳል? የፈቀዱትን ብቻ ምረጥለት። ለምሳሌ ሪምወርልድ የሚባለው ጨዋታ ሠሪዎች ስቲም ላይ ያልገዛ ሰው እንኳን ስቲምሲኤምዲ በሚባለው የቫልቭ ፕሮግራም ያለ አካውንት ከወርክሾፕ እንዲያወርድ ክፍት አድርገውታል፤ ፈቃዱ ካለ መንገዱ አይጠፋም።

ሁለተኛው ራም ነው። ጨዋታው ሲነሳ ያበራሃቸውን ሕንፃዎች በሙሉ፣ ከተማው ውስጥ ባትሠራባቸውም እንኳን፣ ወደ ራም ይጭናል። 600 ሕንፃ 8 ጊጋባይት ላይ ጫንህ ማለት ላፕቶፑ ቆሞ ይቀራል ማለት ነው። ቀያሹ፣ ከ30 ወይም ከ40 አትለፍ፤ ከኮንዶሚኒየሙ ዓይነት ሁለት ሦስቱ ይበቃሃል።

ቀያሹ (ቱሉ ዲምቱ) | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:10

ሠራ!

የለገጣፎዋ እህቴ እንዳልሽው ፎልደር በፎልደር ውስጥ ነበር። አውጥቼ ሳስቀምጠው ትራፊክ ማናጀር ታየ፤ አበራሁት። የክፍያ ጣቢያው ፊት ለፊት የቀኙን ረድፍ ወደ ኮዬ እንዲታጠፍ፣ ሁለቱን ቀጥታ እንዲሄዱ አደረግኩ። ሰልፉ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተፈታ። ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጬ መኪኖቹን ሳይ ብቆይ ደስ ባለኝ። በሥራዬ ላይ በወረቀት የምናሰላው የረድፍ ምደባ እንዲህ ሲንቀሳቀስ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ገላን አራተኛ ፎቅ፣ ግብዣህን በደስታ ተቀብያለሁ፤ የፈቀዱትን ለይተህ ስትጨርስ ጻፍልኝ፤ ቡናው በእኔ ነው።

አሁን አንድ ምኞት ቀረኝ። መሬቱ የጨዋታው ነው፤ ሜዳ ነው። የእኛን ሰፈር እውነተኛ አቀማመጥ፣ ወንዙንና ጉብታውን ማስገባት ይቻላል? ይህም ሞድ ይፈልጋል?

የለገጣፎዋ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:00

እንኳን ደስ አለህ! ለመሬቱ ሞድ አያስፈልግህም፤ የካርታ ማዘጋጃው ከጨዋታው ጋር አብሮ የመጣ ነው፣ ኤፒክም ላይ አለ። የሚያስፈልግህ የከፍታ ሥዕል ነው። ጥቁርና ነጭ፣ 16 ቢት፣ ጎንና ቁመቱ 1081 በ1081 ነጥብ የሆነ ፒኤንጂ ፋይል። ነጣ ያለው ከፍ ያለ መሬት፣ የጠቆረው ዝቅ ያለ ነው። በየአቅጣጫው ወደ 18 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ፋይሉን አዶንስ ውስጥ ማፕ ኤዲተር፣ ከዚያ ሃይትማፕስ በሚለው ውስጥ አስቀምጠው።

አንተ ቀያሽ ስለሆንክ ቶሎ ይገባሃል፤ ጨዋታው የሚቀበለው ከፍታ እስከ 1,024 ሜትር ብቻ ነው። የእኛ መሬት ደግሞ ዝቅተኛው እንኳን ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። እንዳለ ካስገባኸው ሁሉም ነጭ ሆኖ አንድ ጠፍጣፋ አምባ ይወጣልሃል። ስለዚህ ከሁሉም ላይ 1,950 ሜትር ያህል ቀንስ። ብዙ አትቀንስ፤ የጨዋታው ውኃ ወለል 40 ሜትር ላይ ስለሆነ ከዚያ በታች የወረደው ሁሉ ሐይቅ ይሆናል፤ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሠራ የአቃቂን ሜዳ አሰጠምኩት። ወደ ምሥራቅም ብዙ አትዘርጋ፤ የረር ተራራ 3,000 ሜትር ስለሚያልፍ ጫፉ ተቆርጦ ጠረጴዛ ይመስላል።

አዲስ ካርታ ስለሚሆን ግን የአሁኑ ከተማህ ወደዚያ አይዛወርም። ከመጀመሪያው መቀየስ አለብህ።

ቀያሹ (ቱሉ ዲምቱ) | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15

ከመጀመሪያው መቀየስ ሥራዬ ነው፤ ዛሬ ጀምሬያለሁ።

እህቴን ስቲሙ እንደማያስፈልገኝ ነግሬያት "ታዲያ ሌላ ምን ይጎድልሃል?" አለችኝ። ተጨማሪ 8 ጊጋባይት ራም ብላት ምን ይመስላችኋል? የፉሪው ጋሼ፣ ከዱባይ ይምጣ ወይስ እዚሁ ይገዛ?

ጥገና ቤት ፉሪ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40

ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን ገና ምንም እንዳትገዛ በላት። ራም ዲዲአር 3ም፣ ዲዲአር 4ም አለ፤ አንዱ የሌላው መሰኪያ ውስጥ አይገባም። አንዳንድ ላፕቶፕ ደግሞ ራሙ ከቦርዱ ጋር ስለተበየደ ጭራሽ አይጨመርበትም። ቅዳሜ ላፕቶፑን ይዘህ ና፤ ከፍተን ዓይነቱን አይተን ቁጥሩን ትልክላታለህ። ለማየት አላስከፍልም።